ስለ ሻርል ኩሎም፤ በቀጭን ሽቦ ኃይልን ስለ መዘነ ሰው

ነጋዴ እህሉን በሚዛን ይመዝናል፤ አንጥረኛም ወርቁን በሚዛን ይመዝናል። እህልና ወርቅ በዓይን የሚታዩ፥ በእጅም የሚዳሰሱ ናቸውና መመዘናቸው አያስደንቅም። ነገር ግን በዓለም ላይ ዓይን የማያየው፥ እጅም የማይጨብጠው ኃይል አለ። እንዲህ ያለውን ኃይል ሊመዝን የሚወድ ሰው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም የሠለጠነ እጅ፥ ትዕግሥትና ለእውነት መታመን ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተገኙባቸው ሰዎች አንዱ ሻርል ኦጉስተን ኩሎም ነበረ። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው የእርሱ ታሪክ ነው፤ በታሪኩም ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኩሎም በፈረንሳይ አገር አንጉሌም በምትባል ከተማ በ1736 ዓመት፥ በጁን ወር በ14ኛው ቀን ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ቤተ ሰቦቹ ወደ ፓሪስ ሄዱ፤ እርሱም በዚያ ትምህርቱን ተማረ። እናቱ ሐኪም እንዲሆንላት ትመኝ ነበር፤ የልጁ ልብ ግን ወደ ሒሳብ ያደላ ነበር። በዚህ ነገር ከእናቱ ጋር ስላልተስማማ፥ ወደ አባቱ ወደ ሞንፔልየ ከተማ ሄደ። አባቱ ግን ገንዘቡን በንግድ አጥፍቶ ነበርና ለልጁ ብዙ ሊረዳው አልቻለም። ኩሎም ይህን ባየ ጊዜ ተስፋ አልቈረጠም፤ የሚወደውን ሒሳብ እየተማረ እንጀራውንም የሚያገኝበትን መንገድ ፈለገ። በ1760 ዓመትም በሜዚየር ወደ ነበረው የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ገባ፤ በሚመጣውም ዓመት ትምህርቱን ፈጽሞ መኰንን ሆነ።

በ1764 ዓመት መንግሥቱ ኩሎምን ባሕር አሻግሮ ማርቲኒክ ወደምትባል ደሴት ሰደደው። በዚያ ቡርቦን የሚባለውን ታላቅ ምሽግ እንዲያሠራ ታዘዘ። ደሴቲቱ ሙቀት የበዛባት፥ ለአውሮፓ ሰዎችም በሽታ የሞላባት ነበረች። ኩሎም በዚያ ስምንት ዓመት ተቀመጠ፤ ብዙ ጊዜም ታመመ፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ጤናው ፈጽሞ አልተመለሰለትም። ነገር ግን ያ ዘመን በከንቱ አላለፈም። ድንጋዩ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም፥ አፈሩ ግንቡን በምን ያህል ኃይል እንደሚገፋው ዕለት ዕለት ይመለከት ነበር፤ የተመለከተውንም በሒሳብ እያሰበ ይጽፍ ነበር። በ1772 ዓመት ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ያ ጽሑፍ አብሮት ነበረ፤ በ1773 ዓመትም በፓሪስ ለሊቃውንት ጉባኤ አቀረበው። ግንብ የሚሠሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ ጽሑፍ በተገኘው ሒሳብ ይጠቀማሉ።

ከዚህ በኋላ የሊቃውንቱ ጉባኤ ለኮምፓስ የሚሆን መልካም የማግኔት መርፌ እንዴት እንደሚሠራ ለሚያስረዳ ሰው ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ኩሎም መርፌውን በቀጭን ክር ላይ ማንጠልጠል ከሁሉ ይሻላል ብሎ ጻፈ፤ በ1777 ዓመትም ሽልማቱን ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ተካፈለ። ደግሞ በሮሽፎር መርከብ በሚሠራበት ስፍራ ከባድ ሸክም በእንጨት ላይ እየጐተተ፥ ዕቃ በዕቃ ላይ ሲፋተግ ምን ያህል ኃይል እንደሚይዘው መረመረ። ስለዚህም ሥራ በ1781 ዓመት ሌላ ሽልማት አገኘ፤ በዚያው ዓመት የሊቃውንቱ ጉባኤ አባል ሆነ። ያን ጊዜ ዕድሜው 45 ዓመት ነበረ።

በ1783 ዓመት ኩሎም ከባድ ፈተና አገኘው። በፈረንሳይ ምዕራብ ብሬታኝ በሚባለው አውራጃ መርከብ የሚሄድበት ቦይ ለመቈፈርና ወደብ ለመሥራት ታስቦ ነበር። ኩሎም ነገሩን እንዲመረምር ተላከ። ምድሩን አየ፥ ወጪውንም አሰበ፤ ጥቅሙም ለወጪው እንደማይበቃ ተረዳ። ሥራው እንዲጀመር የሚወዱ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ እርሱ ግን ያየውን እንጂ እነርሱ የወደዱትን አልጻፈም። ነገሩም ጠብ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር ኩሎም በፓሪስ ላቤ በሚባለው ወህኒ ቤት ጥቂት ቀን ታሰረ። ከወህኒ በወጣ ጊዜም ሐሳቡን አልለወጠም። ኋላ የብሬታኝ ሰዎች ነገሩን መርምረው ሰውዬው እውነተኛ እንደ ሆነ ዐወቁ። ብዙ ገንዘብ ሊሰጡት ቢወዱ እርሱ እንቢ እንዳለና ሰከንድ የምትቈጥር አንዲት መልካም ሰዓት ብቻ እንደ ተቀበለ ይነገራል። ሰዓቲቱም በኋላ ለምርመራው ሥራ አገለገለችው ይባላል።

አሁን ስሙን በዓለም ሁሉ ወዳስጠራው ሥራ እንመለስ።

ከጥንት ጀምሮ ሰዎች አንድ ነገር ያውቁ ነበር። ከጥንት ዛፍ ሙጫ የጠነከረ፥ መልኩ እንደ ማር የሆነ ዕንቍ አለ፤ የግሪክ ሰዎች ኤሌክትሮን ይሉታል። ይህን ዕንቍ በጨርቅ ሲያሹት ገለባና ላባ ወደ እርሱ ይስባል። ኤሌክትሪክ የሚለው ስም የተገኘው ከዚህ ነው። በኋላ ዘመን ሊቃውንት ኤሌክትሪክ ሁለት ዓይነት እንደ ሆነ ተረዱ፤ እነርሱንም አዎንታዊና አሉታዊ ብለው ጠሩአቸው። በአንድ ነገር ላይ ያደረውን የኤሌክትሪክ ብዛት ሙል ይሉታል። አንድ ዓይነት ሙል ያላቸው ሁለት ነገሮች እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ልዩ ልዩ ሙል ያላቸው ግን ይሳሳባሉ።

ይህ ሁሉ ታውቆ ሳለ አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር። ሁለቱ ነገሮች ሲራራቁ ኃይሉ እንደሚደክም ሁሉ ያያል፤ ነገር ግን ምን ያህል ይደክማል? ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ እኩሌታ ይሆናልን? ወይስ ከዚያ ያነሰ ይሆናል? በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ፕሪስትሊ የሚባል ሊቅ በ1767 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ መልሱን በግምት ተናግሮ ነበር፤ ግን ግምት ሚዛን አይደለም። ኃይሉ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በገበያ ሚዛን ሊመዘን አይችልም።

ኩሎም መልሱን በቀጭን ሽቦ አገኘው። አንድን ሽቦ ከላይ አስሮ ከታች ሲጠመዝዙት፥ ሽቦው ወደ ቀድሞው ሁኔታ ለመመለስ ይታገላል። ኩሎም ይህን ትግል በብዙ ሽቦ ላይ መረመረ፤ በ1784 ዓመትም ሕጉን ገለጸ። ሽቦው ሁለት እጥፍ ቢጠመዘዝ ሁለት እጥፍ ይታገላል፤ ሦስት እጥፍ ቢጠመዘዝም ሦስት እጥፍ ይታገላል። እንግዲህ ሽቦው የተጠመዘዘበትን መጠን የሚያነብ ሰው የጠመዘዘውን ኃይል ያውቃል። ሽቦው እጅግ ቀጭን ከሆነም ከላባ ክብደት ያነሰ ኃይል እንኳ ሊመዘን ይችላል።

በ1785 ዓመት ኩሎም ሚዛኑን ለሊቃውንቱ ጉባኤ አሳየ። አሠራሩም እንዲህ ነበረ። ቁመቱም ስፋቱም ከ30 ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ክብ የመስተዋት ዕቃ ነበረ፤ ይህም የተደረገው ነፋስ እንዳይነካው ነው። በዕቃው ክዳን ላይ ረጅም የመስተዋት ቱቦ ቆሞ ነበር፤ በቱቦውም ራስ ላይ የሚዞር ቍልፍ ነበረ። ከቍልፉ በታች ቀጭን የብር ሽቦ ተንጠለጠለ። በሽቦው ጫፍ ቀላል ዘንግ በአግድም ታሰረ፤ በዘንጉ ጫፍ ላይም ከቀንበጥ መካከል ከሚወጣው፥ እንደ ቡሽ ከቀለለው ነጭ ነገር የተሠራች ትንሽ ኳስ ነበረች። በአጠገቧ እርሷን የመሰለች ሌላ ኳስ ሳትነቃነቅ ቆመች። በመስተዋቱ ዙሪያ ክብን በ360 ደረጃ የሚከፍል ምልክት ተጽፎ ነበር።

ኩሎም ለሁለቱ ኳሶች አንድ ዓይነት ሙል ሰጣቸው፤ ወዲያውም ተገፋፉ። የተንጠለጠለችው ኳስ ሸሽታ በ36 ደረጃ ርቀት ቆመች፤ ስለዚህ ሽቦው 36 ደረጃ ተጠመዘዘ። ይህ የመጀመሪያው ፈተና ነው።

በሁለተኛው ፈተና ኩሎም ከላይ ያለውን ቍልፍ ኳሶቹን ወደሚያቀራርብ ወገን 126 ደረጃ አዞረ። ኳሶቹም በግድ ተቀራርበው በ18 ደረጃ ርቀት ቆሙ። ከላይ 126፥ ከታችም 18 ሲደመር ሽቦው የተጠመዘዘው 144 ደረጃ ሆነ። ርቀቱ ከ36 ወደ 18 ሲወርድ እኩሌታ ሆነ፤ ኃይሉ ግን ከ36 ወደ 144 ሲወጣ አራት እጥፍ ሆነ።

በሦስተኛው ፈተና ቍልፉን እስከ 567 ደረጃ አዞረ፤ ኳሶቹም በ8 ደረጃ ተኩል ርቀት ቆሙ። ድምሩ 575 ተኩል ሆነ። ርቀቱ እንደ ገና እኩሌታ ቢሆን ኖሮ 9 ደረጃ በሆነ ነበር፤ ኃይሉም 36 አሥራ ስድስት ጊዜ፥ ማለት 576 መሆን ነበረበት።

ልጆች ሆይ፥ እዚህ ላይ ልብ አድርጉ። ኩሎም 9 ማግኘት ሲወድ 8 ተኩል አገኘ። 9 ብሎ መጻፍ ቀላል ነበር። እርሱ ግን 8 ተኩል ብሎ ያየውን ጻፈ፤ የጐደለበትንም ምክንያት ፈለገ። በኳሶቹ ላይ ያለው ሙል በአየሩ በኩል ጥቂት በጥቂት ይጠፋል፤ ስለዚህ ፈተናው በቈየ ቍጥር ኃይሉ ይደክማል፥ ኳሶቹም ይቀራረባሉ። በብሬታኝ ለትልልቅ ሰዎች ያላደላ ሰው፥ በመስተዋቱ ፊት ለራሱም ምኞት አላደላም።

ከዚህ በኋላ የሚሳሳቡትን ነገሮች ሊመዝን ወደደ። ይህ ግን አስቸጋሪ ሆነ፤ ልዩ ልዩ ሙል ያላቸው ኳሶች ተስበው ይገናኛሉና፥ በተገናኙም ጊዜ ሙላቸው ይጠፋል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አሰበ። ሙል ያለው ትልቅ ኳስ አቆመ፤ በፊቱም በጫፏ ልዩ ሙል ያለባት ትንሽ ዘንግ በቀጭን የሐር ክር አንጠለጠለ። ዘንጊቱ በተነካች ጊዜ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች፤ ስበቱ ሲበረታ ቶሎ ቶሎ፥ ሲደክም ግን ቀስ ብላ ትወዛወዛለች። ኩሎም 15 ውዝዋዜ የሚፈጽመውን ጊዜ ቈጠረ። ከትልቁ ኳስ መካከል በ9 የፈረንሳይ ኢንች ርቀት 20 ሰከንድ ሆነ፤ በ18 ኢንች 41 ሰከንድ፥ በ24 ኢንችም 60 ሰከንድ ሆነ። በሒሳቡ መሠረት 20፥ 40ና 54 ያህል መሆን ነበረበት። እንደ ገናም ያየውን ሳይለውጥ ጻፈ፤ ልዩነቱም ከሚጠፋው ሙል የተነሣ እንደ ሆነ እያሰበ አስረዳ።

እንግዲህ ሕጉ እንዲህ ነው። ሁለት ሙሎች የሚገፋፉበት ወይም የሚሳሳቡበት ኃይል፥ ርቀታቸው ሁለት እጥፍ ሲሆን ወደ አራተኛው ክፍል ይወርዳል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ ዘጠነኛው፥ አራት እጥፍ ሲሆንም ወደ አሥራ ስድስተኛው ክፍል ይወርዳል። ደግሞ ከሁለቱ ሙሎች አንዱ እጥፍ ቢሆን ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፤ ሁለቱም እጥፍ ቢሆኑ አራት እጥፍ ይሆናል። የኃይሉም መንገድ ሁለቱን በሚያገናኘው ቀጥተኛ መሥመር ላይ ነው። ነገር ግን ይህ ሕግ በትክክል የሚፈጸመው ሙሎቹ ሳይንቀሳቀሱ ሲቀመጡና ያሉባቸው ነገሮች ከርቀታቸው ጋር ሲመዘኑ እንደ ነጥብ ትንንሽ ሲሆኑ ነው።

ሙሎቹ ከሁለት ቢበዙም ሕጉ አይፈርስም፤ እያንዳንዱ ሙል ሌላው እንደሌለ ሆኖ የራሱን ኃይል ይሠራል፥ ኃይሎቹም ይደመራሉ። ለምሳሌ እኩል የሆኑ ሁለት አዎንታዊ ሙሎች በቀኝና በግራ ቢቀመጡ፥ ሌላም ትንሽ አዎንታዊ ሙል በትክክል በመካከላቸው ቢቆም፥ ቀኙ ወደ ግራ፥ ግራውም ወደ ቀኝ እኩል ይገፋዋልና የትም አይሄድም። ወደ አንዱ ጥቂት ቢያስጠጉት ግን የቀረበው ሙል ይበረታና ወደ መካከል ይመልሰዋል።

ኩሎም ኃይሉ ከአንዱ ሙል ወደ ሌላው ባዶውን ስፍራ ተሻግሮ ይሠራል ብሎ ያስብ ነበር። ከእርሱ በኋላ ማይክል ፋራዴይ የሚባል የእንግሊዝ ሊቅ ተነሣ፤ ይህም ሰው በ1791 ተወልዶ በ1867 ዓመት የሞተ፥ የአንጥረኛ ልጅ የነበረ፥ በወጣትነቱም መጽሐፍ የሚጠርዝ ሰው ነው። ፋራዴይ በሙል ዙሪያ ያለው ስፍራ እንዲያው ባዶ እንዳልሆነ አስተማረ። ሙል በዙሪያው ያለውን ስፍራ ሁሉ ይለውጠዋል፤ ይህን የተለወጠ ስፍራ ሊቃውንት የኤሌክትሪክ መስክ ይሉታል። ሌላ ሙል ወደዚያ መስክ ሲገባ መስኩ ይገፋዋል ወይም ይስበዋል። በአንድ ስፍራ የመስኩ ብርታት ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ፥ ትንሽ ሙል በዚያ ማኖርና የሚያገኘውን ኃይል ለሙሉ መጠን ማካፈል ነው። ለነጥብ ሙል የመስኩ ብርታት የሚታሰበው በኩሎም ሕግ ነው፤ ስለዚህ የፋራዴይ ሐሳብ የቆመው ኩሎም በመሠረተው ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ሕግ ከኩሎም አስቀድሞ የመረመረ ሌላም ሰው ነበረ። በእንግሊዝ አገር ሄንሪ ካቨንዲሽ የሚባል ባለጠጋ ሊቅ በ1770ዎቹ ዓመታት በሌላ መንገድ ወደዚሁ ሕግ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሥራውን ለሰው ሳይገልጥ አኖረው፤ ጽሑፉም የታተመው በ1879 ዓመት፥ እርሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ስለዚህ ሕጉ በካቨንዲሽ ስም ሳይሆን በኩሎም ስም ተጠራ። በሣጥን ውስጥ የተዘጋ መብራት ለማንም አያበራም።

በ1789 ዓመት በፈረንሳይ አገር ታላቅ ሁከት ተነሣ። ሊቃውንቱም መከራ አገኛቸው፤ የኩሎም ጉባኤ በ1793 ዓመት ተዘጋ፥ እርሱም የመለኪያና የሚዛን ሥርዐት ከሚያዘጋጁት ሰዎች መካከል ተወገደ። ያን ጊዜ በብሉዋ አጠገብ ወደ ነበረው ርስቱ ሄዶ በጸጥታ ተቀመጠ። በ1795 ዓመት አዲስ የሊቃውንት ማኅበር ሲቋቋም ተመልሶ ወደ ሥራው ገባ። ከ1802 ዓመት ጀምሮም ከሕዝብ ትምህርት ተቈጣጣሪዎች አንዱ ሆኖ፥ ጤናው ደካማ ሳለ ትምህርት ቤት ለማቋቋም ደከመ። በ1806 ዓመት፥ በኦገስት ወር በ23ኛው ቀን በፓሪስ ሞተ። ዕድሜው 70 ዓመት ነበረ።

ከሞተ በኋላ ሰዎች አልረሱትም። በ1881 ዓመት በፓሪስ ከብዙ አገር የመጡ የኤሌክትሪክ ሊቃውንት ተሰብስበው የሙል መለኪያ ኩሎም ተብሎ እንዲጠራ ቈረጡ። በ1889 ዓመት በተፈጸመው በኤፍል ግንብ ላይም ስማቸው ከተጻፈው 72 ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። አንድ ኩሎም እጅግ ብዙ ሙል ነው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ኩሎም የሆኑ ሁለት ሙሎች በአንድ ሜትር ርቀት ቢቆሙ፥ 900 ሺህ ቶን በሚያህል ክብደት በተገፋፉ ነበር። ይህን የሚያህል ኃይል ሕጉ የተገኘው ከላባ በቀለለ ኳስና ከጠጕር በቀጠነ ሽቦ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ምክር ግልጥ ነው። የሰው ሚዛን ከብርም ከመስተዋትም ቢሠራ፥ የሚያነበው ዓይን ካልታመነ ሐሰተኛ ሚዛን ነው። ተማሪ በሒሳቡ የተሳሳተ መልስ ቢያገኝ ከጓደኛው ሰሌዳ እያየ አይለውጠው፤ የጐደለውን እስኪያገኝ ድረስ እንደ ገና ያስብ እንጂ። በ8 ደረጃ ተኩል የቆመችውን ኳስ 9 ያላላት ሰው፥ ሕጉ ሁለት መቶ ዓመት አልፎ ጸንቶ ይኖራል፤ በልጅነቱ በትንሹ የታመነም ሰው በትልቁ ነገር ይታመናል።